የአስተሳሰብ ጠባይና የሥራ ድርሻ በሰበካ ጉባኤ

የብሪታንያው የሥነ ልቡና ሊቅ ማይክል ከርተን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ጥናት፣ ሰዎች ችግርን የሚፈቱበትን ጠባይ በሁለት ጫፎች መካከል አስቀምጧል፤ አንደኛው ወገን ያለውን ሥርዓት እያሻሻለ ይሠራል፣ ሁለተኛው ሥርዓቱን ራሱን ይጠይቃል። የችሎታ መጠን በዚህ አይለካም። በሒሳብና በመሳሰለው የውስጥ ሥራ ፊተኞቹ፣ በዕቅድና ከውጭ በሚያገናኝ ሥራ ኋለኞቹ ይበዛሉ።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ መልሶ ማልማት ብዙ ነዋሪዎች ከአራዳ ተነሥተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የአጥቢያው ሒሳብ ሹም የሰበካውን መዝገብ አንዲት ሳንቲም ሳያጎድል ይይዝ ይሆናል፤ ከፋዮቹ ግን ርቀው ሰፍረዋል። እነርሱን ፈልጎ የሚያገናኝ፣ አዲስ የገቢ ምንጭ የሚያስብ ሌላ ሰው በጉባኤው ውስጥ አለን? ሒሳብ ሹሙን «ራእይ የለውም» ብሎ መውቀስ አይገባም። ባለ ራእዩንም፣ ደረሰኝ መቁረጥ የሚሰለቸው ከሆነ፣ ገንዘብ ያዥ አድርጎ መምረጥ የባሰ ነው።