የግብ ዝንባሌ በጤና ሠራተኛው ተነሳሽነት፣ ትምህርትና የሥራ ክንውን ላይ ያለው ሚና

መግቢያ

ዱመርሶ በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋጨፌ ወረዳ የምትገኝ፣ በቡናዋ ስሟ ከአገር ውጭ ጭምር የታወቀ ቀበሌ ናት። በቡና ለቀማ ወራት የሚታየው ሥራ ለዚህ ጽሑፍ ርዕሰ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሚዛኑን ብቻ የሚያስብ ለቃሚ ቅርንጫፉን በአንድ ጊዜ ገፎ የበሰለውንም ያልበሰለውንም በቅርጫቱ ይጨምራል፤ ስለ ቡናው ጥራት የሚያስብ ግን ቀዩን እየመረጠ ይለቅማል፣ የቀረው ሲበስል ተመልሶ ይመጣል። ሁለቱም በትጋት ይሠራሉ፤ የሚለያዩት በያዙት ግብ ነው።

በጤናው ዘርፍም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር በአንድ ቀበሌ ሁለት ሠራተኞች ተመድበው 16 ፓኬጆችን እንዲያዳርሱ ታቅዶ ነበር። ሥራው የሚለካው በአብዛኛው በቁጥር ነው፤ የተከተቡ ሕፃናት፣ የተቆፈሩ መጸዳጃ ቤቶች፣ የተመረቁ ሞዴል ቤተሰቦች። ቁጥር አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ሠራተኛው ቁጥሩን የሚመለከትበት መንገድ በሚማረውና በሚሠራው ነገር ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ አለው።

የግብ ዝንባሌ ምንነት

የግብ ዝንባሌ ማለት አንድ ሰው ሥራን ወይም ትምህርትን ሲጀምር ሊደርስበት የሚሻው ነገር ዓይነት ነው። ካሮል ድዌክ እና ካሮል ዲነር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ መጀመሪያ ላይ እኩል ችሎታ ያሳዩ ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው በሁለት መንገድ እንደሚለያዩ ተመልክተዋል። ከፊሎቹ «አልችልም» ብለው ዘዴያቸው ሲዳከም፣ ሌሎቹ አዲስ ዘዴ መፈለግ ጀመሩ። ከዚህና ከተከታዮቹ ጥናቶች በመነሣት፣ በ1990ዎቹም በአንድሩ ኤሊየት ሥራ ተጨማሪ ክፍፍል ተደርጎ፣ ሦስት ዋና ዋና ዝንባሌዎች ይታወቃሉ።

ሀ. ብቃትን የማሳደግ ዝንባሌ፦ ግቡ ዕውቀትንና ክህሎትን ማዳበር ሲሆን ሰውየው ራሱን የሚያነጻጽረው ከትናንት ማንነቱ ጋር ነው።

ለ. ብቃትን የማሳየት ዝንባሌ፦ ግቡ ከሌሎች በልጦ መታየት ነው።

ሐ. ድክመትን የመደበቅ ዝንባሌ፦ ግቡ አላዋቂ ሆኖ ከመታየት መዳን ነው።

በተነሳሽነት፣ በትምህርትና በክንውን ላይ ያለው ውጤት

ብቃቱን ለማሳደግ የሚሠራ ሰው ስሕተትን እንደ መረጃ ስለሚቆጥረው ከውድቀት በኋላ ይበረታል፣ ይጠይቃል፣ አስተያየትም ይሻል። ድክመቱን ለመደበቅ የሚጥር ሰው ግን ከጥያቄ ይሸሻል፤ እርዳታ በሚያስፈልገው ሰዓት ዝም ይላል። በዲላም ሆነ በሌላ ከተማ ሆስፒታል፣ በሕመምተኛው አልጋ ዙሪያ በሚሰጥ ትምህርት ላይ የልብ ድምፁን ሳይሰማው «ሰምቻለሁ» የሚል ተማሪ የዚህ ዝንባሌ ምሳሌ ነው። ያን ቀን ከሐፍረት ይድናል፤ ድምፁን የመለየት ችሎታውን ግን ሳያገኝ ይመረቃል።

ሁለተኛው ዝንባሌ ሁልጊዜ ጎጂ አይደለም። በልጦ የመታየት ፍላጎት ከጥሩ የፈተና ውጤት ጋር የተያያዘባቸው ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። በብዛት ከጭንቀትና ከዝቅተኛ ውጤት ጋር ተያይዞ የተገኘው ሦስተኛው ነው።

የሥራው ዓይነትም ሚና አለው። ኤድዊን ሎክ እና ጋሪ ላታም እንዳሳዩት፣ ሠራተኛው ሥራውን አስቀድሞ የሚያውቀው ከሆነ ግልጽና ከፍ ያለ ግብ ክንውንን ያሻሽላል። በሌላ በኩል ሩት ካንፈር እና ፊሊፕ አከርማን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ሠልጣኞች የአውሮፕላን በረራ መቆጣጠርን የሚመስል አዲስ ሥራ ገና ሲጀምሩ የውጤት ግብ ሲሰጣቸው ክንውናቸው ቀንሷል። ምክንያቱ አእምሮ ሥራውን ለመረዳት የሚያስፈልገውን ትኩረት ለቁጥሩ ማካፈሉ ነው።

በጤና ኬላ ሲታይ

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን በጤና ኬላ እንዲያክሙ መፈቀዱና ከ2010–2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስፋት መሠልጠናቸው ይታወሳል። ለምሳሌ ያህል፣ የ14 ወር ሕፃን በሳል ምክንያት ወደ ጤና ኬላ ይመጣል እንበል። በዚህ ዕድሜ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ መተንፈስ ፈጣን አተነፋፈስ ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ሠራተኛዋም 38 ይሁን 42 በእርግጠኝነት አልለየችም። ያለፈው ግምገማ ስሕተት የተገኘበትን ሰው በስብሰባ ፊት ያሳፈረ ከሆነ፣ ቀላሉ መንገድ አንዱን ቁጥር መርጦ መዝገቡን ማሟላት ነው። መዝገቡ ንጹሕ ይሆናል፤ ሕፃኑ ግን ያለ መድኃኒት ሊመለስ ይችላል። ሥራዋን ማሻሻል ግቧ የሆነ ሠራተኛ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ጠብቃ ሙሉ ደቂቃ ደግማ ትቆጥራለች፣ ከተጠራጠረች ጤና ጣቢያውን ታማክራለች። የሠለጠኑት ሥልጠና አንድ ነው፤ ውጤቱን የለየው ጥርጣሬን ግልጽ ማድረግ የሚያስመሰግን ወይም የሚያስቀጣ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል። ለነዋሪው ሕዝብ የተሰላ ዓመታዊ ዕቅድ ለእንዲህ ያለ ሁኔታ አይበቃም። አዲስና ውስብስብ ሥራ ሲመጣ ከ«ስንት ሠራህ?» በፊት «ምን ተማርክ?» የሚለው ጥያቄ መቅደም ይኖርበታል።

ከኃላፊዎች የሚጠበቅ

1. ድጋፋዊ ክትትልን ከደረጃ መስጫ ግምገማ መለየት፤ ሠራተኛው የማያውቀውን የሚናገርበት ጊዜ ነጥብ የሚያዝበት ጊዜ መሆን የለበትም።

2. ለአዲስ ሥራ አስቀድሞ የመማር ግብ መስጠት፤ ለምሳሌ በአንድ ወር ውስጥ የ10 ሕፃናትን አተነፋፈስ ከተቆጣጣሪ ጋር ቆጥሮ ማመሳከር። የቁጥር ግቡ ክህሎቱ ከተጨበጠ በኋላ ይከተላል።

3. ቁጥርን ከትርጉሙ ጋር መጠየቅ፤ የተቆፈረ መጸዳጃ ቤት በጥቅም ላይ መዋሉን፣ የመጀመሪያውን ክትባት የወሰደ ሕፃን ሦስተኛውን ማግኘቱን ማየት።

4. አንዱን ጤና ኬላ ከሌላው ይልቅ ከራሱ ካለፈው ሩብ ዓመት ጋር ማነጻጸር።

5. ኃላፊው ራሱ «ይህን አላውቅም፣ አብረን እንይ» በማለት አርአያ መሆን።

ማጠቃለያ

ግብ የሌለው ሥራ አቅጣጫ የለውም። ይሁን እንጂ ግቡ መታየት ብቻ ሲሆን ሪፖርቱ እያማረ ሕመምተኛው ሊጎዳ ይችላል። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ማለታቸው ለጤና ሠራተኛው ዛሬም ይሠራል፤ የቅደም ተከተሉን ዋጋ የሚከፍለው ሪፖርቱን የማያነበው ሕፃን ነውና።