ስለ ሐረር ጅብ ጥቂት ቃል

ከመግሪብ ሶላት በኋላ በፈላና በር ከጀጎል ግንብ ውጪ የወጣ ሰው፣ አንድ መጋቢ የሥጋ ቅርጫቱን በጉልበቱ አጠገብ አኑሮ ጅቦቹን በየስማቸው ሲጠራ ይሰማል፤ ጥቂትም ሳይቆይ ከጨለማው ውስጥ ዓይኖች ማብራት ይጀምራሉ። በሐረር ለጅብ በረት ያበጀለት የለም፤ ሰው ከሥጋ ቤት የተረፈውን ቁርጥራጭ ይዞ ይወጣል፣ አውሬውም በልቶ ወደ ዋሻው ይመለሳል፤ የማላመዱ ጥበብ ይኸው ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ግንብ ሳይቀር በግርጌው ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» የሚሉት የጅብ መሹለኪያ አለበት። ጅብ መልኩ ውሻ ቢመስልም በዘሩ ለድመት ወገን ይቀርባል፤ ጥንብ ፈላጊ ብቻ ነው የሚባለውም ሐሜት ነው፣ ክሩክ የተባለው የአራዊት ሊቅ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በንጎሮንጎሮ አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ እንደሚያገኝ አስረድቷልና።

እኔን ይልቁን የሚቆረቁረኝ ሌላ ስሕተት ነው። አባቶቻችን በተረቱ ሁሉ «አያ ጅቦ» ስላሉት፣ «አያ»ም ለታላቅ ወንድም የሚሰጥ የማክበሪያ ስም ስለ ሆነ፣ መንጋውን የሚመራው ወንዱ ይመስለናል። እኔም እስከ አንድ ሌሊት ድረስ እንዲሁ መስሎኝ ኖሬአለሁ። በዚያ ሌሊት ጆሮው የተተለተለ ግዙፍ ጅብ ሌሎቹን በትከሻው ገፍቶ መጥቶ፣ መጋቢው በአጭር እንጨት ሰክቶ የዘረጋለትን ሥጋ በፊት ጥርሱ ጫፍ፣ እንጨቱን ሳይነካ፣ ቀስ ብሎ ሲወስድ አይቼ «ይህ አለቃቸው መሆን አለበት» ብል፣ መጋቢው ራሱን ነቀነቀና «እሷ ናት እንጂ፤ ወንዶቹ እነዚያ ከኋላ የቆሙት ናቸው» አለኝ።

እውነትም ሴቲቱ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ የመንጋው ሥልጣን በእጇ ነው፤ ግልገሏም የእናቱን ማዕረግ ይወርሳል፤ ከሌላ መንጋ የመጣ ወንድ ግን ከሁሉ ዝቅ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ከጽርዕ ወደ ግዕዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፊሳልጎስ ጅብ አንድ ጊዜ ተባዕት፣ አንድ ጊዜ አንስት ይሆናል ይላል፤ አሪስጣጣሊስ ግን ከፊሳልጎስ መጻፍ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ይህን ነገር ሐሰት ብሎት ነበር። የሐረሩን ባለ ነጠብጣብ ጅብ ቀርቦ ላየ ሰው የቀደሙት ሰዎች ጥርጣሬ አያስደንቀውም፤ የእንስቲቱ ኀፍረተ ሥጋ ረዝሞ ፈጽሞ የወንዱን ይመስላልና። የምትወልደውም በዚያው ጠባብ መንገድ ስለ ሆነ የመጀመሪያ ምጧ ብርቱ ነው፤ የበኵር ግልገሏም ብዙ ጊዜ ታፍኖ ይሞታል። ወደ 110 ቀን ያህል አርግዛ የምትወልዳቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የሚሆኑት ግልገሎች፣ ዓይናቸው ተገልጦ ጥርሳቸውም በቅሎ ይወጣሉ። ይህን ሁሉ የምትሸከም ፍጥረት እስከ ዛሬ «አያ» መባሏ አግባብ አይመስለኝም፤ «እሜቴ» ብትባል ይገባታል።

ስለዚህ በቅርጫቱ ዙሪያ እየተጯጯሁ የካሜራ ብልጭታ በዓይኗ ላይ የሚያበሩ እንግዶች እጅግ ያሳዝኑኛል፤ ሌሊት ለማየት የተሠራ ዓይን ነው። መጋቢው ዝቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ስሟን ጠርቶ፣ እስክትመጣ ይታገሣል፤ እንግዳውም እንዲሁ ቢያደርግ ምን ይጎድልበታል? ሥጋ ከሩቅ መወርወርም ነውር ነው፤ ደካማዎቹን በብርቱዎቹ ጥርስ ላይ ይጥላቸዋል።

ይህ የማታ መጋቢነት የቅርብ ዘመን ልማድ ሲሆን፣ የዓሹራው ገንፎ ግን ከእርሱ የቀደመ ነው። ሙሐረም በገባ በ10ኛው ቀን ሐረሪዎች በቅቤ የራሰ ገንፎ ሠርተው «አዋች» በሚሏቸው ቅዱሳን አባቶች መቃብር አጠገብ ለጅቦች ያቀርባሉ፤ ከግማሹ በላይ ከተበላ ዓመቱ የጥጋብ ይሆናል ይላሉ። ሰዎቹ ራቅ ብለው ድምፃቸውን አጥፍተው ይቆማሉ፤ መንጋውም ወደ ኋላ ይላል፤ አንዲቱ ብቻዋን ወደ ገበታው ትቀርብና አሽትታ ትቀምሳለች።