ተጨማሪ መረጃ፦ በውርጭ ሌሊት የተሰማ ጥሪ

አባ ፒየር የተባሉት ፈረንሳዊ ካህን፣ በሕዝብ እንደራሴነት ሸንጎ የተቀመጡና በ1949 እ.ኤ.አ. የኤማሁስን ማኅበር ለነዳያን የመሠረቱ ሰው ነበሩ። በጥር 1954 ፓርላማው ለአስቸኳይ መጠለያ የተጠየቀውን 1 ቢሊዮን ፍራንክ በነፈገበት ሌሊት አንድ ሕፃን በብርድ ቢሞት፣ ካህኑ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሚኒስትር ወደ ቀብሩ ጠሩ፤ ሚኒስትሩም፣ ይህ ለክብራቸው ይጻፍላቸውና፣ መጥተው አስከሬኑን ሸኙ። ይሁን እንጂ የካቲት ሲጠባ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ አንዲት ሴት ከሁለት ቀን በፊት ከቤቷ የተባረረችበትን ወረቀት በእጇ እንደ ጨበጠች በፓሪስ ሴባስቶፖል ጎዳና ላይ በውርጭ ደርቃ ስለ ሞተች፣ ካህኑ በራዲዮ ሉክሰምበርግ ለዚያው ምሽት፣ ቢዘገይ ለማግሥቱ፣ 5,000 ብርድ ልብስ፣ 300 ታላላቅ ድንኳንና 200 የማሞቂያ ምድጃ እንዲመጣላቸው ሕዝቡን ተማጸኑ። ምጽዋቱ 500 ሚሊዮን ፍራንክ ያህል ደረሰ፤ ከዚህም 2 ሚሊዮኑን የሰጠው፣ ምስኪኑን ከርታታ በሲኒማ እየተጫወተ ዓለምን ያሳቀው ቻርሊ ቻፕሊን ነበር። 1 ቢሊዮን የከበደው ያው ፓርላማም፣ የሕዝቡ ቍጣ በደጁ ሲሰማ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 10 ቢሊዮን ፈቀደ፤ በታኅሣሥ 1956ም ተከራይን በብርዱ ወራት ከቤት ማስወጣትን የሚከለክለው ሕግ ታወጀ።