ገምቶ መራመድ

ፕሮሰሰር ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። በእስራኤል፣ በቂርያት ጋት ከተማ ባለው የኢንቴል ፋብሪካ በሲሊከን ላይ ከሚቀረጹት ቺፖች አንዱ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ምት ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምትም በርከት ያሉ ትእዛዞችን ሊፈጽም ይችላል። ችግሩ የሚመጣው መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ ነው። «በሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ ካለ ክፈል፣ ከሌለ ከልክል» የሚል ትእዛዝ ገጠመው እንበል። በሒሳቡ ላይ ያለው መጠን ግን ገና ከማስታወሻው ተጠርቶ አልደረሰም። እስኪደርስ ልጠብቅ ቢል በአሥር የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጡ ምቶች ያለ ሥራ ያልፋሉ። እንዲህ ያለው መንታ በተለመደ ፕሮግራም ውስጥ በየአምስት ስድስት ትእዛዙ ስለሚያጋጥም፣ በየመንታው የሚጠብቅ ፕሮሰሰር አብዛኛውን ዕድሜውን ቆሞ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ይገምታል። እንግዳው «ቡና እጠጣለሁ» እስኪል ሳይጠብቅ መቁላት እንደሚጀምር ሰው፣ ይሆናል ብሎ ባሰበው መንገድ ሥራውን ይቀጥላል። ግምቱ ከያዘ ጊዜ አተረፈ፤ ካልያዘ እስከዚያ የሠራውን ጥሎ ወደ መንታው ይመለሳል። የዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ከ100 መንታ ከ95 በላዩን በትክክል ይገምታሉ። የትኛው ፕሮግራም የት ላይ እንደሚታጠፍ ግን ማንም አስቀድሞ አልነገራቸውም። እየሠሩ፣ እየተሳሳቱ ይማሩታል። ስለሚማር ማሽን ሲነሳ አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ተናጋሪው ቻትቦት ነው፤ ማንም ሳያወራለት በየኪሳችን ስልክ ውስጥ ሲማር የኖረው ይህ ገማች ግን ከቻትቦቱ በብዙ ዓመት ይቀድማል።

ከዘዴዎቹ ሁሉ ቀላሉንና ውቡን ጄምስ ስሚዝ የተባለ መሐንዲስ በ1981 አቀረበ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለመንታው አንድ ትንሽ ቆጣሪ ይመደብለታል። ቆጣሪው አራት ደረጃ ብቻ አለው፦ «በእርግጥ ቀኝ»፣ «ምናልባት ቀኝ»፣ «ምናልባት ግራ»፣ «በእርግጥ ግራ»። ፕሮግራሙ ወደ ቀኝ በታጠፈ ቁጥር ቆጣሪው አንድ ደረጃ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ በታጠፈ ቁጥር አንድ ደረጃ ወደ ግራ ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አራት ደረጃ ለምን አስፈለገ? ሁለት አይበቃም ነበር? አንድን ሥራ መቶ ጊዜ የሚደጋግም ፕሮግራም እንውሰድ። 99 ጊዜ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ በመቶኛው ይወጣል። የመጨረሻዋን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስታውስ ገማች መውጫው ላይ ይሳሳታል። ወዲያው ሐሳቡን ስለሚለውጥ ደግሞ ድግግሞሹ እንደገና ሲጀመር መግቢያው ላይም ይሳሳታል። ባለ አራት ደረጃው ግን በአንድ ስህተት ከ«በእርግጥ» ወደ «ምናልባት» ዝቅ ይላል እንጂ እምነቱን አይለቅም፤ በተመለሰ ጊዜ ትክክል ሆኖ ይገኛል። ሁለት የነበረው ስህተት አንድ ሆነ። ይህን ያመጣው ብልጠት ሳይሆን በልክ የተሰጠ ግትርነት መሆኑ እኔን ሁሌም ይደንቀኛል።

የቀረችውን አንዷን ስህተት ደግሞ የኢንቴል የሐይፋ መሐንዲሶች አሳደዷት። እዚያው ሐይፋ ተነድፎ በ2003 ለገበያ የወጣው ፔንቲየም ኤም ውስጥ ድግግሞሾችን የሚቆጥር ክፍል ገባ፤ «ይህ ሥራ ባለፈውም ከመቶ ዙር በኋላ ነበር ያበቃው» ብሎ መውጫውን ቀድሞ ይጠብቃል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ዳንኤል ሂሜኔዝና ካልቪን ሊን በቴክሳስ ሌላ መንገድ ከፍተው ነበር። ፍራንክ ሮዘንብላት በ1950ዎቹ መጨረሻ የነርቭ ሴልን አስመስሎ ያሰበውን ፐርሴፕትሮን መንታ እንዲገምት አደረጉት። ያለፉት መንታዎች እያንዳንዳቸው ለቀጣዩ ግምት የየራሳቸው ክብደት ይሰጣቸዋል፤ ግምቱ ሲስት ክብደቶቹ ይስተካከላሉ። የኢንቴል ተፎካካሪ ኤኤምዲ ዜን በተባሉት ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ የዚህን ዝርያ አስገብቷል።

የሚማር ነገር ግን ክፉ አስተማሪም ሊገጥመው ይችላል። በጥር 2018 ይፋ የሆነው ስፔክተር የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ይህንኑ አሳየ። አጥቂው ገማቹን ደጋግሞ በእውነተኛ ነገር ያለማምደዋል፤ «ይህ በር ሁልጊዜ ክፍት ነው» ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል። በመጨረሻ የተከለከለ ቦታ ያቀርብለታል። ፕሮሰሰሩ በልማዱ ገምቶ ይገባል፣ ምስጢሩን ያነባል፣ ስህተቱ ሲታወቀው ሥራውን ይጥላል። የተጣለው ሥራ ግን በፈጣኑ ማስታወሻ፣ በካሹ ላይ፣ ዱካ ትቶ ነበር፤ አጥቂው ዱካውን በሰዓት እየለካ ምስጢሩን ይቃርማል። የኢንቴል ብቻ ሳይሆን የኤኤምዲና የኤአርኤም ፕሮሰሰሮችም ነበሩበት። መሐንዲሶች «የተሳሳተ ግምት ተጥሏል፣ አልቆለታል» ብለው ኖረው ነበርና ነገሩ ክፉኛ አስደነገጣቸው።

ሕያው ፍጡርስ? እዚህም ወሳኙ ነገር ያልጠበቁት መከሰቱ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሌዎን ካሚን በ1960ዎቹ መጨረሻ አይጦችን አንድ ድምፅ ካሰማ በኋላ በኤሌክትሪክ ይነዝራቸው ነበር፤ አይጦቹ ድምፁን መፍራት ተማሩ። ቀጥሎ ድምፁንና መብራትን አንድ ላይ እያቀረበ መንዘሩን ቀጠለ። መብራቱን ብቻውን ሲያበራላቸው ግን እምብዛም አልፈሩትም። መብራቱና ንዝረቱ በተደጋጋሚ አብረው መጥተዋል፤ ሆኖም ንዝረቱን ድምፁ አስቀድሞ ነግሯቸው ስለነበር የሚያስገርም ነገር አልቀረም፤ ካልገረማቸው ደግሞ አልተማሩም። ሮበርት ሬስኮርላና አለን ዋግነር በ1972 ይህን በአንድ አጭር ቀመር አሰፈሩት፦ የትምህርቱ መጠን በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ባለው ልዩነት ይወሰናል። የሚገርመው በርናርድ ዊድሮና ማርሲያን ሆፍ የተባሉ መሐንዲሶች አይጥ ሳይነኩ፣ ስለ ማሽን ብቻ እያሰቡ፣ በ1960 ተመሳሳይ ቀመር ላይ ደርሰው ነበር።

ልዩነቱን የሚለካው ነገር በአንጎል ውስጥ የት እንዳለ ለማየት ጊዜ ወሰደ። የነርቭ ሳይንቲስቱ ቮልፍራም ሹልትስ ዶፓሚን የሚያመነጩ የጦጣ ነርቮችን ሲያዳምጥ፣ ነርቮቹ ባልተጠበቀ ጭማቂ ላይ ሲንጫጩ አገኛቸው። ጦጣዋ ጭማቂው ከአንድ ምልክት በኋላ እንደሚመጣ ስትለምድ ግን ጫጫታው ወደ ምልክቱ ተሻገረ፤ ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ከወትሮው የተለየ ምላሽ አልሰጡም። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ልክ መምጣት በነበረበት ቅጽበት ነርቮቹ ከወትሮው በታች ይወርዳሉ። ሹልትስ ከፒተር ዳያንና ከሪድ ሞንታግ ጋር በ1997 ያቀረበው ትርጓሜ፣ ነርቮቹ የሚያሰሙት የደስታን መጠን ሳይሆን የግምትን ስህተት ነው የሚል ነበር።

ሕፃናትስ? ፋብሪካው ባለበት በቂርያት ጋት ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አያት በአማርኛ ወይም በትግርኛ፣ ታላላቆች በዕብራይስጥ በሚያወሩበት ቤት ውስጥ አንድ ሕፃን ተኝቷል እንበል። በንግግር ውስጥ በቃልና በቃል መካከል ክፍተት የለም፤ ሁሉም እንደ ጎርፍ ተያይዞ ነው የሚመጣው። ጄኒ ሳፍራንና ባልደረቦቿ በ1996 የስምንት ወር ሕፃናትን ትርጉም የሌላቸው የተያያዙ ድምፆች ለሁለት ደቂቃ ብቻ አሰሟቸው። ሕፃናቱ የትኛው ድምፅ የትኛውን እንደሚከተል ለይተው ነበር፤ ይህም የታወቀው ከተለመደው ይልቅ እንግዳ የሆነባቸውን ቅንጅት ረዘም አድርገው በማዳመጣቸው ነው። ማንበብ ቀርቶ መናገር ያልጀመረ ሰው ቀጣዩን ድምፅ ይገምታል።

የቋንቋ ሞዴሎችም ሥራቸው ይኸው ነው፤ ቀጣዩን የቃል ቁራጭ ገምተው፣ ሲስቱ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ክብደቶቻቸውን ያስተካክላሉ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ሜታ በ2024 ያወጣው ላማ 3 ከ15 ትሪሊዮን በላይ የቃል ቁራጭ ወስዷል፤ ልጅ አሥር ዓመት እስኪሞላው የሚሰማው ቃል መቶ ሚሊዮን አይሞላም ተብሎ ይገመታል። ደግሞ ሞዴሉ ሥልጠናው ሲያበቃ ክብደቶቹ ይቆለፋሉ፤ በውይይት መሐል ብታርሙት ለዚያች ሰዓት ይቀበላል እንጂ ውስጡ አይለወጥም። በዚያ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር በበይነ መረብ ላይ ጥቂት ነው። ብዙ ያልተሳሳተበትን ቋንቋ ሞዴሉ እንዴት አድርጎ ይቻለው? አያቱ አጠገብ የተኛው ሕፃን ግን ትሪሊዮን ቃል አያስፈልገውም፤ የሚያይ፣ የሚዳስስ፣ የሚርበው አካል አለው፤ ሲሳሳት ወዲያው የምትመልስለት ሴትም አጠገቡ አለች።

አንጎል የሌለውም ቢሆን ይገምታል። ከቂርያት ጋት በስተሰሜን ብዙ ሳይርቅ፣ ሬሆቮት በሚገኘው የቫይዝማን ተቋም፣ አሚር ሚቸልና ይጽሐቅ ፒልፔል ከባልደረቦቻቸው ጋር ኢ. ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ አጠኑ። ባክቴሪያው በአንጀት ውስጥ ሲጓዝ መጀመሪያ ላክቶስ የተባለውን ስኳር፣ ዘግየት ብሎ ማልቶስ የተባለውን ያገኛል። ተመራማሪዎቹ ላክቶስ ብቻ ሲሰጡት ለማልቶስ የሚያስፈልጉትን ጂኖች አስቀድሞ በከፊል ማሠራት ጀመረ። ማልቶስ ሲቀድም ግን ለላክቶስ አይሰናዳም፤ በመንገዱ ላይ ቅደም ተከተሉ እንዲያ አይደለምና። በ2009 በኔቸር መጽሔት በወጣው በዚህ ሥራ፣ ላክቶስ እያገኘ ማልቶስ ሳይከተልለት 500 ትውልድ ያህል የኖረው ዘር ስንዱነቱን ተወ። እዚህ የተማረ አንድም ሴል የለም። ለማይመጣ ምግብ ጉልበቱን የሚያባክን ሴል ቀስ ብሎ ይራባል፣ የማያባክነው ይበዛል፤ ስህተቱ የሚታረመው በትውልድ ነው።

ሰዎች ደግሞ ስህተታቸውን ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ያርማሉ፤ ለዚህ ከቂርያት ጋት ዳር ያለው ኮረብታ ምስክር ነው። በ1920ዎቹ አርኪዮሎጂስቱ ዊልያም ኦልብራይት የጎልያድ አገር ጌት እዚህ ሳትሆን አትቀርም አለ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቆረቆረችው ከተማ በዚህ ግምት ስሟን አገኘች፤ ኮረብታውም ቴል ጋት ተባለ። ሽሙኤል ዬቪን ከ1956 እስከ 1961 ሲቆፍረው ግን ለዚያች ታላቅ የፍልስጥኤማውያን ከተማ የሚመጥን ቅሪት አላገኘም፤ ይልቁን ከ5000 ዓመት በፊት የነበረው የግብፁ ንጉሥ ናርመር ስም የተቀረጸበት የሸክላ ስባሪ ወጣ፤ እኔን ከጠየቃችሁ ከጠፋችው ጌት የሚተናነስ ግኝት አይደለም። ዛሬ አብዛኞቹ ሊቃውንት ጌትን በሰሜን ምሥራቅ ባለው በቴል ኤስ-ሳፊ ያደርጓታል፤ አረን ማዬርና ቡድኑ ከ1996 ጀምሮ ባካሄዱት ቁፋሮ በ2005 ከጎልያድ ስም ጋር የሚቀራረቡ ሁለት ስሞች ያሉበት ጥንታዊ ጽሑፍ፣ በ2015 ደግሞ የከተማ በር ተገኝቷል። ኮረብታው ስሙን ለውጦ ቴል ኤራኒ ሆኗል፤ ከተማዋ ግን ዛሬም ቂርያት ጋት ናት።