ቀዩ የት ሄደ? በባሕር ውስጥ ቀለምን በትክክል ማንሣት

30 ሜትር ጠልቆ እጁን ስለት የቆረጠው ሰው የሚያየው ደም ቀይ አይደለም፤ ወደ አረንጓዴ ያደላ ጥቁር ነው። ደሙ አልተለወጠም፤ የጎደለው ቀዩ ብርሃን ነው። የፀሐይ ብርሃን ቀለማቱን ሁሉ ይዞ ባሕር ይገባል፤ ውሃው ግን እኩል አያሳልፋቸውም። ቀዩን አስቀድሞ ስለሚውጠው 5 ሜትር ላይ አብዛኛው የለም። ብርቱካናማውና ቢጫው ተራ በተራ ይከተላሉ። በጠራ ባሕር ርቆ የሚዘልቀው ሰማያዊው ነው፤ ቀይ ባሕርም ቢሆን ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም።

ጀማሪ ፎቶ አንሺ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ጥልቀቱን ሳይሆን ርቀቱን ነው። ብርሃኑ ከዓሣው ወደ ሌንሱ የሚመጣበትም መንገድ ይቆጠራል። 3 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለን ዓሣ 4 ሜትር ርቆ የሚያነሣ ሰው፣ ቢያንስ 7 ሜትር ውሃ ባቋረጠ ብርሃን ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከውድ ዕቃ ሁሉ በፊት መቅረብን አስቀድማለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1926 ዊሊያም ሎንግሊ የተባለ የዓሣ ተመራማሪና የናሽናል ጂኦግራፊክ ፎቶ አንሺው ቻርልስ ማርቲን ፍሎሪዳ አጠገብ የመጀመሪያዎቹን ባለቀለም የባሕር ውስጥ ፎቶዎች አነሡ። ያኔ ባለቀለም ፎቶ የሚነሣበት መስታወት ብርሃን የሚቀበለው እጅግ በዝግታ ነበር፤ ዓሣው ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ በውሃው ላይ የማግኒዚየም ዱቄት የጫነ ታንኳ አንሳፈፉ፤ ካሜራው ሲከፈት ዱቄቱ ይፈነዳል። አንድ ቀን ያለ ጊዜው ፈንድቶ ሎንግሊን ክፉኛ አቃጠለው። ያም ሆኖ ሥራቸውን አልተዉም፤ ፎቶዎቹ እ.ኤ.አ. በጥር 1927 ታተሙ።

ዛሬ ጠላቂው ፍላሹን በረጅም ክንድ ላይ አስሮ ወደ ዓሣው ያስጠጋዋል፤ ቀዩም ብዙ ውሃ ሳያቋርጥ ይደርሳል። ፍላሹ ሌንሱ ሥር ከሆነ በውሃው የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ሁሉ ያበራና ፎቶው በረዶ የዘነበበት ይመስላል፤ ወደ ጎን መዘርጋት አለበት። ፍላሽ የሌለው ሰው ነጭ ሰሌዳ ይዞ ይጠልቃል፤ ለካሜራው «ነጭ ይህ ነው» ብሎ ያሳየዋል፣ ጥቂት ሜትር በወረደ ቁጥርም ይደግመዋል። ቀይ ማጣሪያም አለ፤ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ይቀንሳል እንጂ የሌለ ቀይ አይፈጥርም።

ይህ ሁሉ ድካም ለውበት ብቻ አይደለም። ኮራል ሲታመም የሚነጣ በመሆኑ፣ ለሚያጠናው ሰው ቀለሙ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዴሪያ አክካይናክና ታሊ ትሬቢትዝ ከሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ሲ ትሩ የተባለ ስሌት አቀረቡ። ፎቶውን እንደ አንድ ወጥ ነገር አያርመውም፤ እያንዳንዷ ነጥብ ከካሜራው ምን ያህል እንደራቀች ለይቶ ውሃው የወሰደባትን ይመልሳል፣ የጨመረባትን ጉም ይቀንሳል። ስሌቱ ሲዘጋጅ አክካይናክ ባለቀለም ሰሌዳ ባሕሩ ወለል ላይ አስቀምጣ ከተለያየ ርቀት ደጋግማ አንሥታዋለች። ስሌቱ ራሱ ግን ሰሌዳውን አይሻም፤ የሚሻው ርቀቱን ነው።