ዲፈረንሻል የብረት ብናኝ ሲያወጣ መቼ ያሳስባል?

ከጅቡቲ ጭኖ በጋላፊ የገባ ከባድ መኪና ሰመራንና ሎግያን፣ ሚሌንና ገዋኔን አልፎ አዋሽ ሰባት ኪሎ እስኪደርስ የኋላ ዲፈረንሻሉ ፋታ አያገኝም። ጭነቱ ከባድ ነው፤ ሰመራ ላይ ደግሞ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዘይት በሞቀ ቁጥር ይቀጥናል፤ ጥርስና ጥርስን የሚለየው የዘይት ሽፋን ሲሳሳ ብረት ከብረት ይፋተጋል።

ሞተር ፊልትሮ አለው፤ አብዛኛው ዲፈረንሻል ግን የለውም። የተፋቀው ብረት ዘይቱ እስኪቀየር እዚያው ሲዞር ይከርማል፤ ከፊሉን የሚይዘው ማፍሰሻው ቡሎን ላይ ያለው ማግኔት ብቻ ነው። ለዚህ ነው የዘይት ቅያሪ ቀን ዲፈረንሻሉ የሚመረመርበት ቀን መሆን ያለበት።

መጀመሪያ የላይኛውን የመሙያ ቡሎን ፍቱ። የታችኛውን አፍስሳችሁ የላይኛው እምቢ ካለ መኪናው ያለ ዘይት ቆመ ማለት ነው። ዘይቱ ለብ እንዳለ ይፍሰስ፤ ሲቀዘቅዝ ብናኙ ከታች ዘቅጦ ይቀራል።

ማግኔቱ ላይ ጥቁር ግራጫ ቅባት ብታዩ አትደንግጡ። በሁለት ጣት አሽታችሁት ሳይቆረቁር ከተንሸራተተ የተለመደ መበላት ነው። ኮሮናና ፒኞኑ አዲስ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ቅያሪ በዛ ብሎ ይወጣል። በዚህ ብቻ ተደናግጦ ደህናውን ዲፈረንሻል ማስፈታት መኪናውን መጉዳት ነው፤ የኮሮናና የፒኞን አገጣጠም በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚለካ ስለሆነ፣ ያለ መለኪያ ከተገጠመ ጩኸቱም መበላቱም ያኔ ይጀምራል።

የሚያሳስበው ቅርጹ ነው። እንደ ዓሣ ቅርፊት ስስና የሚያብለጨልጭ ብረት ከወጣ የኩሽኔታው ወይም የጥርሱ ገጽ መላጥ ጀምሯል። ማዕዘን ያለው ስባሪ ከሆነ ጥርስ ተሰብሯል፤ ያን ጊዜ «አዋሽ ላድርሰው» ማለት አይገባም። ስባሪው ጥርስ መሐል ገብቶ የኋላ ጎማዎቹን በድንገት ሊያስር ይችላል፤ የሹፌሩና የረዳቱ ሕይወት ከጭነቱ ይበልጣል።

ማግኔት ሁሉን አይዝም። በብዙ መኪኖች ከትንንሾቹ ማርሾች ጀርባ ያሉት ሮንዴላዎች የነሐስ ዘር ናቸው፤ ሲበሉ ቢጫ ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ዘይቱን ንጹህ ሳህን ላይ ገልብጣችሁ ፀሐይ ላይ አወዛውዙት፤ ቢጫው ብልጭ ይላል። አሸዋም በአብዛኛው ማግኔት አይነካውም፤ በነጭ ጨርቅ ሲጠለል ግን ጣት ይቆረቁራል። አሸዋ ካገኛችሁ የዲፈረንሻሉን መተንፈሻና ፓራኦሊዮውን እዩ። ዘይቱ ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ውኃ ገብቷል፤ ጎርፍ ላቋረጠ መኪና ይህ እንግዳ አይደለም።

አጠራጣሪ ሲሆን፣ ማለትም ከቅባቱ መሐል ጥቂት ደቃቅ ቅርፊት ብቻ ሲታይ፣ ማግኔቱን በናፍጣ አጥባችሁ አዲስ ዘይት ሙሉ። መንገድ ላይ ድምፁን አዳምጡ፦ ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ የሚለዋወጥ ጩኸት ብዙውን ጊዜ ከኮሮናና ፒኞን ነው፤ ሳይለወጥ የሚያጉረመርመው ከኩሽኔታ። ከሰመራ አዋሽ ስትደርሱ ማግኔቱን ደግማችሁ እዩት። ስስ ቅባት ብቻ ከያዘ ጉዞው ይቀጥላል፤ ቅርፊቱ ከተመለሰ ግን ዲፈረንሻሉ መለኪያ ባለው ጋራዥ ይፈታ፤ ጥፋቱ የኩሽኔታ ከሆነ ኮሮናው ሳይነካ በኩሽኔታ ቅያሪ ብቻ መዳን የሚችለው ያኔ ነው።