አንድ ግድግዳ፣ ብዙ ተውኔት

የመጨረሻው ትርዒት አልቆ ተመልካቹ ሲወጣ፣ በአሜሪካ ኮሌጆች የቴአትር ክፍሎች ሌላ ሥራ ይጀመራል፤ ዲኮሩን ማፍረስ። ብዙ ጊዜ በዚያው ምሽት ተዋናዩም፣ የመብራት ሠራተኛውም፣ ልብስ ሰፊውም መፍቻ ይዘው መድረክ ላይ ይወጣሉ። ከፈረሰው መካከል ደኅናው መጋዘን ገብቶ የሚቀጥለውን ተውኔት ይጠብቃል።

ልማዱ የቆየ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቴአትር ቤቶች ቤተ መንግሥት፣ እስር ቤት፣ ጫካና ጎዳና የተሳሉባቸውን ዲኮሮች ከተውኔት ወደ ተውኔት ያዘዋውሯቸው ነበር። የዛሬው ኮሌጅ ግን የሚያስቀምጠው ሥዕሉን ሳይሆን አጽሙን ነው።

ከአጽሙ ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ፍላት ነው፤ በቀጭን ጣውላ ማዕቀፍ ላይ አቡጀዲ ተወጥሮበት ወይም ስስ ኮምፖንሳቶ ተመትቶበት ግድግዳ የሚሆን። ሁለተኛው ተዋናይ የሚቆምበት ፕላትፎርም ሲሆን፣ የተለመደው መጠኑ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። ይህም የአንድ ሙሉ ኮምፖንሳቶ ልክ ስለሆነ ብክነት የለውም። ልኩ አንድ ከሆነ እግሩን መቀየር ብቻ ይበቃል፤ ዘንድሮ ሰገነት የነበረው ለከርሞ የደረጃ ማረፊያ ይሆናል።

ዳግም የመጠቀም ዕድል የሚወሰነው ሲፈርስ ሳይሆን ሲሠራ ነው። ሁለት ፍላቶች በኮላና በምስማር ከተጣበቁ ሲለያዩ ይሰበራሉ። ስለዚህ በብሎን ወይም ዘንጉ በሚወልቅ ማጠፊያ ይያያዛሉ። ቀለምም ወሰን አለው። በላይ በላዩ ሲቀባ ፍላቱ ይከብዳል፣ ቀለሙም እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ያን ጊዜ ጨርቁ ተገፎ ማዕቀፉ አዲስ አቡጀዲ ይለብሳል፤ አዲሱም ጨርቅ እሳት እንዳይዘው በመከላከያ ይታከማል።

አስቸጋሪው ነገር ቦታ ነው። ሁሉን ማስቀመጥ መጋዘኑን ያጨናንቃል፤ ፈልገው ያላገኙት ዕቃ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። በደንብ የተያዘ መጋዘን ፍላቶቹን በጎናቸው ያቆማል፣ መጠናቸውን ጀርባቸው ላይ ይጽፋል፣ ዝርዝራቸውን ከነፎቶው ይይዛል። ለአንድ ተውኔት ብቻ የተሠራ ጠመዝማዛ ደረጃ ተፈትቶ ጣውላውና ብሎኑ ይተርፋል። የተሰነጠቀ ፕላትፎርም ግን ሰው ሊሸከም አይገባውም፤ የተማሪ አጥንት ከጣውላ ዋጋ ይበልጣል።

አሮጌ ዕቃ የንድፍ አውጪውን ፈጠራ ያስራል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ተመልካቹ የሚያየው አቀማመጡን፣ ቀለሙንና መብራቱን ነው፤ እነዚህ ደግሞ በየተውኔቱ አዲስ ናቸው። የኮሌጅ በጀት ጠባብ ስለሆነ፣ ለተራው ግድግዳ የሚወጣ ገንዘብ ለሌላው ይጎድላል። ስለዚህ ወጣቱ ንድፍ አውጪ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት መጋዘኑን ዞሮ ይመልከት። ከዚያ የሚተርፈው ገንዘብ ያ ተውኔት ብቻ ለሚጠይቀው፣ ሌላ ለማይተካው ነገር ይዋል።